አትበትኚያቸው ያልከኝ ደብዳቤዎች

ዘውዴ የኔ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ነው። እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ብዕር አነሣሁና አፈርኩ። ለሞተ ሰው እንደምን ሰነበትክ ይባላል? ግን ሌላ አጀማመር አላውቅም፤ እናቴ ያስተማረችኝ ደብዳቤ የሚጀምረው በጤና ነው። እንግዲያው እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። አንተም ደህና ነህ ብዬ ይዣለሁ፤ ካልሆንክም እዚያ የምትነዘንዛቸው ሰዎች አታጣም።

የምጽፍልህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪም ቤት ተኝተህ እጄን ስትይዘኝ፣ ስለ ልጃችን አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጆሮዬን አቀረብኩ። አንተ ግን ስለሰበሰብካቸው የድሮ ሊቃውንት ደብዳቤዎች ተናገርክ። «አትበትኚያቸው» አልከኝ። ከዚያ ሌላ ኑዛዜ የለህም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ተቀይሜህ ነበር። ስንት ዘመን አብሬህ ኖሬ፣ የመጨረሻ ቃልህ መልካቸውን ለማላውቃቸው የአይሁድ ሊቃውንት ሆነ። የሆነው ሆኖ ቃሉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ደግሞ ቤቱን ልለቅ ነው፤ ደብዳቤዎችህን ምን እንዳደረግኳቸው ልነግርህ ይገባኛል።

ቤቱን የምለቀው በልጅህ ምክንያት ነው። ሳባ ሄርንደን በሚባል ከተማ ታውንሃውስ የሚሉትን ቤት ገዛች፤ ሥራዋም እዚያው ኤርፖርቱ አጠገብ ነው። «ማሚ፣ ብቻሽን አትኖሪም፣ ፔሪየድ» አለችኝ። ይቺ ፔሪየድ የምትላት ነገር ያንተው «አበቃ» ናት፤ እጇን እንኳ እንዳንተ ነው የምታወናጭፈው። ከዲሲ ወንዙን ተሻግሮ ያለው የአሌክሳንድርያው አፓርታማችን የኪራይ ውሉ ሲያልቅ እንዳላድሰው ቃል አስገባችኝ። ቤዝመንቱን፣ ያንን ምድር ቤት፣ ለእኔ አሳምራ አሰናድታዋለች። ደብዳቤዎቹ ያሉበት ያንተ የብረት መሳቢያ ግን በዚያ ደረጃ አይወርድም፤ ቢወርድም ቤዝመንቱ እርጥበት አለው፤ ወረቀት እርጥበት እንደማይወድ ደግሞ እስኪሰለቸኝ ነግረኸኛል። ቶዮታህን ሚዜህ ታደሰ ወስዶ ይነዳታል፤ ያው እንደ ድሮዋ ጠዋት ጠዋት ታስነጥሳለች። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም ብዬ አልዋሽህም፤ እኔ ነኝ የምቀመጥበት፤ ለካስ ምቹ ኖሯል።

እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ብዙ ጊዜ የማስበው ዊተን ወደሚባለው ሰፈር የሄድንበትን ቀን ነው። ትዝ ይልሃል? አንድ ሽማግሌ ሞተው ልጆቻቸው የቤት ዕቃቸውን ሣሩ ላይ አውጥተው ይሸጡ ነበር። እኛ የሄድነው ሶፋ ልንገዛ ነው። እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብድግ እያልኩ ስሞክር፣ አንተ አንድ ካርቶን ውስጥ እጅህን ከተህ ደርቀህ ቀረህ። መጥቼ ባይ ያረጀ ወረቀት ይዘሃል። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ጀርመንኛ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን አንድ መስመር ግዕዝ አለ፣ በቀጭን ብዕር፣ እንደ ድጓ ጸሐፊ ተጠንቅቆ የተጻፈ። ከግርጌው የቀለም ጠብታ፣ ከጠብታው አጠገብ ፊርማ። አገር ቤት ግዕዝና ታሪክ ስታስተምር የኖርክ ሰው፣ አርሊንግተን በአንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ መስኮት ሥር ቁጭ ብለህ ቲኬት ስትቆርጥ ስንት ዓመት ሆኖህ፣ ማንም መምህር ብሎ ሳይጠራህ፣ የገዛ ፊደልህ ከሰው ካርቶን ውስጥ ወጥቶ ሲያይህ ምን እንደተሰማህ ያን ቀን አልገባኝም። ሶፋውን ትተን ያንን ወረቀት ገዝተን ተመለስን። አንድ ሳምንት አኮረፍኩህ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻልህ። በሁለቱ ታላላቅ ጦርነቶች መሃል በቪየና፣ በበርሊን፣ በፕራግ የነበሩት የአይሁድ ሊቃውንት ዕብራይስጡን ብቻ ሳይሆን ግዕዙንም እንዴት እንደመረመሩት፣ እርስ በርስ እንዴት እንደሚጻጻፉ፣ ኋላ ያ ክፉ ዘመን መጥቶ ገሚሱ እንደተሰደደ ገሚሱ እንደተገደለ፣ ምሳ ስበላ ሳይቀር ትነግረኝ ጀመር። የአሮጌ ወረቀት ነጋዴዎች ካታሎግ ይልኩልህ ጀመር። የትርፍ ሰዓት ሥራህ ሁሉ ወደ እነሱ ሄደ። ያልተፈረመ ደብዳቤ አትገዛም ነበር፤ ለምን ብልህ፣ ፊርማው ሰውየው በዚያ ቀን በሕይወት እንደነበረ ምስክር ነው አልከኝ። እኔ ደግሞ የሙታን ፖስታ ቤት ከፈትክ እልህ ነበር። አንተ ትስቃለህ፣ ደግሞ ሌላ ፖስታ ትከፍታለህ።

ከሁሉ የምደነቀው ግን በትርጉሙ ነበር። እያንዳንዱን ደብዳቤ ወደ አማርኛ መልሰህ፣ በዚያ በተስተካከለ ጽሕፈትህ በሌላ ወረቀት ገልብጠህ፣ ከደብዳቤው ኋላ ታስቀምጠዋለህ። ማን ሊያነበው ነው ብዬ ጠይቄህ አውቃለሁ። የሚያነበው አይጠፋም አልከኝ።

የድሮውን የጀርመን እጅ ጽሕፈት ያነበቡልህ፣ በእንግሊዝኛም የፈቱልህ እትዬ ሩት ናቸው። የዊተኑን ሟች ልጆች ስትጠይቃቸው፣ ይህን ደብዳቤ ለአባታችን የጻፉት ሰው ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ አሉ ብለው ስልካቸውን ሰጡህ። በጥርስ ሐኪም ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው ሴት። አባታቸው የግዕዝ ሊቅ ነበሩ፤ እሳቸው ግን የአባታቸው ጽሕፈት ያለበት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልነበራቸውም። ገና በመጀመሪያው ቀን እትዬ አልካቸው፤ ትርጉሙን ጠየቁህ፤ ለታላቅ እህት ነው ስትላቸው ወደዱት። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሦስት ደብዳቤ በፎልደር ይዘህ ሲልቨር ስፕሪንግ ነህ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሴት ቤት ይሄዳል ወይ እያልኩ አበሽቅህ ነበር። ነጭ ሸሚዝህን ግን የምተኩሰው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ከልቤ ተሟግቼሃለሁ። የአባታቸውን ደብዳቤ ስጣቸው እልህ ነበር። ሰጥቻቸው እምቢ አሉ ትለኛለህ። እኔ አላመንኩህም። ሰብሳቢ ሆነህ እጅህ አልፈታ ብሎ ነው፤ ለይሉኝታ ያህል ብቻ አንዴ ብለሃቸው ትተኸዋል ብዬ ጠረጠርኩህ። ይህ ነገር አንተ ካረፍክ በኋላም ከሆዴ አልወጣም።

ያረፍክ ለታ የሆነውን ደግሞ አታውቀውም፤ ልንገርህ። እዚህ አገር መጥተን ብዙ ነገር በስልክ አድርገነዋል፤ ለቅርብ ሰው መርዶ ግን በስልክ አይነገርም። ፍራሹ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ቤቱን ሞልቶት፣ ድንገት እትዬ ሩት ትዝ አሉኝ። እሁድ ይጠብቁሃል። ማን ይንገራቸው ብል ታደሰ ብድግ አለ። የእድራችን ሰብሳቢ ከሆነ ወዲህ ወግ ከእጁ እንደማታመልጥ ታውቃለህ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፤ ብቻም አይኬድም አለ። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ታደሰና ሚስቱ አስቴር፣ ሁለት የእድር ሰዎች ጨምረው፣ ጥቁር በጥቁር ለብሰው ሳይነጋ ተነሡ። ድልድዩን ተሻግረው፣ ወፍ ሲንጫጫ የእትዬ ሩት በር ላይ ደረሱና አንኳኩ።

ዘውዴ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዳችንም አላሰብነውም።

ከውስጥ ኮቴ ይሰማል፣ የሚከፍት ግን የለም። ደግመው አንኳኩ። ታደሰ እንግሊዝኛው ጠፋበትና ፍሬንድስ ነን፣ ፍሬንድስ ነን ይላል። ለካ እሳቸው በበሩ ቀዳዳ የሚያዩት ጥቁር የለበሱ አራት ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ አስቴር መታገሥ አቃታት፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ስምህን ጠርታ እዬዬዋን አቀለጠችው። ያኔ በሩ ተከፈተ። እትዬ ሩት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል።

ታደሰ ተመልሶ ሲያጫውተኝ፣ በዚያ ሰዓት የት ሊሄዱ ተዘጋጅተው እንደነበር አልገባኝም አለ። እኔ ግን ገባኝ። አንተ ነግረኸኝ ነበራ። በዚያ ክፉ ዘመን አባታቸውን የወሰዷቸው ሰዎችም የመጡት በማለዳ በር አንኳኩተው ነው፤ አባትየውም ካፖርታቸውን ለብሰው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ፣ ወጥተውም ቀሩ። እኛ ለክብራቸው ብለን፣ ወግ ጠብቀን ያደረግነው ነገር እሳቸው ዘንድ ምን ይዞ እንደገባ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

እሳቸው ግን ለማንም ምንም አልተነፈሱም። በዚያው ካፖርት መኪና ውስጥ ገብተው መጡና ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ከቦርሳቸው ትንሽ መቀስ አወጡ፤ የካፖርታቸውን አንገትጌ ቀደዱት። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጆሮዬ ሥር ተጠግተው፣ በእኛ ዘንድ ለወንድም እንዲህ ይደረጋል አሉኝ። የእነሱም ሐዘን ሰባት ቀን መቀመጥ አለበት። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድርያ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ባቡር እየቀያየሩ፣ ለቅሶው እስኪነሣ አንድ ቀን አልቀሩም። በኋላ ስለዚያ ማለዳ ይቅርታ ብጠይቃቸው እጄን ያዙኝና፣ በዚያ ሰዓት በሬን አንኳኩቶ አብሮኝ ያለቀሰ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም አሉኝ። የአባታቸውን ነገር ለታደሰ አልነገርኩትም። ብነግረው እንቅልፍ አይወስደውም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልመለስ። ቤቱን እንደምለቅ ሲቆርጥልኝ፣ ካታሎግ ከሚልኩልህ ነጋዴዎች አንዱን አማክሬ፣ ከዲሲ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ሰው መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን ልፈታ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤዎችህን አንድ በአንድ አየ፣ አንዳንዱ ላይ ትንፋሹን ይውጣል። ማን ነው የሰበሰበው ሲለኝ ባለቤቴ፣ መምህር ነበር አልኩት፤ ጋራዡን አላነሣሁበትም። በቀዝቃዛ ክፍል፣ በአንድ ቦታ፣ በአንተ ስም እናስቀምጣቸዋለን፣ አይበተኑም አለ። ቃልህ ሊጠበቅልህ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር ማድረግ ጀመረ። በአንድ በኩል ደብዳቤዎቹ፣ በሌላ በኩል ከኋላቸው እየመዘዘ የሚያወጣው ያንተ አማርኛ። እነዚህን ለቤተሰቡ መታሰቢያ ያድርጓቸው፣ እኛ የምንፈልገው ኦሪጅናሎቹን ነው አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ማንበብ የማይችለውን ነው የመለሰልኝ። ግን ያ የአማርኛ ክምር ብቻውን ሲቀመጥ ሳየው፣ ያ ሁሉ ዓመትህ እንደ ሱቅ መጠቅለያ ሆኖ ታየኝ። እስቲ ላስብበት ብዬ ሸኘሁት።

ሳስብ ሰነበትኩና አንድ ነገር ቆረጥኩ። የቀረው የትም ይሁን፣ የእትዬ ሩት አባት ደብዳቤ ግን ለልጃቸው ይገባል፤ ዘውዴ አትበትኚ ቢልም ይህቺን አንዲቱን እበትናለሁ አልኩ። ቃልህን ላፈርስ መሆኔን እያወቅኩ፣ ባለፈው ወር አንድ እሁድ፣ ያው አንተ በምትሄድበት ሰዓት ፎልደሩን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ።

ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። የእርስዎ ነው፣ ዘውዴ ባይሰጥዎም እኔ ሰጥቻለሁ አልኳቸው። ደብዳቤውን አነሡ፤ ከቀለሙ ጠብታ በላይ ሳይነኩት ጣታቸውን አሳለፉና መለሱልኝ። ዘውዴማ በመጣ ቁጥር ይሰጠኝ ነበር፣ ብወስደው ግን እሁድ ምን ብሎ ይመጣል አሉኝ።

አየህ፣ በከንቱ ጠርጥሬህ ኖሯል።

ከዚያ እሳቸው የሚፈልጉት ወረቀቱን እንዳልሆነ ነገሩኝ። አባታቸው ማታ ማታ በኮሪደሩ እየተመላለሱ ዳዊት በግዕዝ ድምፃቸውን አውጥተው ያነቡ ነበር። ሕፃኗ ሩት አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች፤ አንድ ቃል አይገባትም፤ በዚያ ድምፅ ግን እንቅልፍ ይወስዳታል። አንተ እሁድ እሁድ ጀርመንኛውን ካስነበብክ በኋላ ያንተን አማርኛ፣ በዚያ ድቁና በተማርክበት ዜማ መሰል አነባበብህ ስታነብላቸው፣ የኮሪደሩ ድምፅ ይመለስላቸዋል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሥራ የምትሠሩ መስሎኝ ነበራ። ዘውዴ ሲሞትብኝ ያንንም ድምፅ ሁለተኛ አጣሁት አሉኝና፣ እስቲ አንብቢልኝ አሉኝ።

መነጽሬን አደረግኩ። ዘውዴ፣ ከነዚያ ወረቀቶችህ አንዱን አንብቤ አላውቅም ነበር እኮ። እኔ እንዳንተ ዜማ የለኝም፤ እንደ ተማሪ እየተንተባተብኩ ጀመርኩ። ያዋስከኝን ዳዊት በደህና ተቀብያለሁ ይላል። ስለ ብራናው፣ ስለ ቅጠሎቹ ብዛት ይላል፤ ሊቅ ለሊቅ የሚጻጻፈው ነገር ነው። ከዚያ ወደ ግርጌው፦ «በወረቀቱ ላይ ስላረፈው የቀለም ጠብታ ይቅርታህን። ያፈሰሰችው ልጄ ሩት ናት። ዛሬ ጸሐፌ ትእዛዜ እሷ ናት፤ ተሽረሻል ብላት አልሻርም አለች።»

እዚያ ላይ ቆምኩ። እትዬ፣ ጀርመንኛው ምን ይላል አልኳቸው። ዛሬ ጸሐፊዬ ልጄ ናት ነው የሚለው አሉኝ። ሌላስ? ሌላ የለም፣ ሰላምታና ፊርማ ብቻ።

በሊቁ ደብዳቤ ላይ የራስህን ጨምረህበት ኖሯል። ተሽረሻል ቢሏት አልሻርም ያለችው ያንተ ሩት ናት እንጂ የእሳቸው አይደለችም። ሳቄ መጣ፣ ልይዘው አልቻልኩም። ምን አሳቀሽ ሲሉኝ፣ በንጉሡ ዘመን ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት ማኅተም ያዥ፣ አገር የሚንቀጠቀጥለት ትልቅ ሹም እንደነበረ፣ አንተም የአምስት ዓመቷን ልጅ በዚያ ሹመት ላይ እንዳስቀመጥካት፣ አልሻርም ያሰኘሃትም አንተ እንደሆንክ በእንግሊዝኛ እንደምንም አስረዳኋቸው። ከዚያ፣ ዘውዴ ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ፈገግ ይል ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም አሉኝ። ሁለታችንም ስንስቅ ቆይተን አለቀስን። እሳቸው የሰሙት አባታቸውን ነው፤ እኔ የሰማሁት አንተን ነው፣ ምሳ ላይ ስትቀልድ፣ ልክ እንደነበርከው። ካረፍክ ጀምሮ ድምፅህን እንዲያ አጥርቼ ሰምቼው አላውቅም። ናፍቀኸኛል ዘውዴ። ለሰው ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ እንጂ በጣም ናፍቀኸኛል።

ደግመው እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ደግሜ አነበብኩ።

በማግስቱ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰው ደወልኩለት። ደብዳቤዎቹ ከአማርኛቸው ጋር ካልሆነ አይሄዱም፤ ቢሄዱም እትዬ ሩት በሕይወት እስካሉ አይሄዱም አልኩት። አለቆቼን ልጠይቅ አለ። ይጠይቅ። ልክ እንዳልከኝ አልበተንኳቸውም፤ ለካ መበተን ያልከው ጀርመንኛውን ካንተ አማርኛ መለየት ኖሯል። ወይም አልነበረም፤ እኔ ግን እንደዚያ ተረድቼዋለሁ፣ ካጠፋሁም ስንገናኝ ትቆጣኛለህ።

የብረት መሳቢያህ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእትዬ ሩት መስኮት አጠገብ ነው። የተሸከሙት ታደሰና የእድር ሰዎች ናቸው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ አስቀድሞ ተደውሎ። ሳባ ስትሰማ «ማሚ፣ ሲሪየስሊ?» አለችኝ። እሁድ እሁድ የምታደርሰኝ ግን እሷ ናት። መጀመሪያ መኪና ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር፤ አሁን ገብታ ከጎናቸው ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት በመንገድ ላይ፣ ዳዲ እውነት እንዲህ ፈኒ፣ እንዲህ ቀልደኛ ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አንተ ከእሷ ጋር ስለ ሆምወርክ ብቻ ነበር የምታወራው። እስከ ቤት ድረስ ስላንተ ሳወራላት መጣሁ።

ገና ብዙ ደብዳቤ አለ። አንድ በአንድ፣ ሳልዘልል አነባለሁ፤ አንተ የጨመርክበትን ቦታ ሳገኝ ለእትዬ ሩት እነግራቸዋለሁ፣ ለልጃችንም እተረጉምላታለሁ። ሰው ሙታኑን በልቡ ይይዛል ይባላል፤ እኔ ሞክሬው አልበቃኝም። እኔ አንተን የማስታውሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው።

ሮማን